ለምትሮጥ ልጃችሁ ይህን ጠይቋት፦ የወር አበባሽ በየወሩ እየመጣ ነው?



ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ "ዶክተር፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በየቀኑ ጠዋት ትሮጣለች። አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ነው፤ አይጎዳባትም ወይ? ላስቁማት?" መልሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የዘገየሁት፤ ይቅርታ። ለእርስዎም ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ፦ አያስቁሟት። ሩጫው በራሱ አጥንቷን አይጎዳም። አጥንት የሚጎዳው ልጅቷ የምትበላው ከምትሮጠው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። ይህ ደግሞ እኛ አካባቢ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ልጅቷም አባቷም ፈቅደውልኛል፤ ማንነቷ እንዳይለይ ግን አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። 17 ዓመቷ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአባቷ ጋር ደብረ ታቦር ወደምሠራበት ክፍል እያነከሰች ገባች። አባቷ ከጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። እሷ ለትምህርት ብላ ከተማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ስንቋን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ታመጣለች። ይህን አኗኗር የደቡብ ጎንደር ልጆች በደንብ ታውቁታላችሁ። ሰኞ እንጀራው አለ፣ ረቡዕ መሻገት ይጀምራል፣ ሐሙስና ዓርብ ድርቆሽ ነው፣ እሱም ካለ።

ታዲያ ይህች ልጅ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነስታ በባዶ ሆዷ ትሮጣለች። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይደገማል። ግራ ቅልጥሟን ካመማት አምስት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ ስትሮጥ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ስትራመድ፣ አሁን ሌሊትም ይቀሰቅሳታል። ወጌሻ ጋር ሄዳ ሁለት ጊዜ ታሽታለች። ዳይክሎፌናክ አራት ጊዜ ተወግታለች። አንድ ቦታ ራጅ ተነስታ "ነጻ ነሽ" ተብላለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምርጫ አለ፤ ካለፈች ክለብ ትገባለች፣ ደመወዝ አለው።

አባቷ ከመቀመጣቸው በፊት እንዲህ አሉኝ፦ "ዶክተር፣ ሦስት ሳምንት ብቻ የሚያቆያትን መርፌ ይስጡልኝ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ፣ ተኝታም ትታከም።"

አልፈረድኩባቸውም። ልጅ ሯጭ ሆነች ማለት እኛ አገር ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅልጥሟን በጣቴ ስነካ በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ እግሯን መነጨቀችብኝ። በአንድ እግር እንድትዘል ስነግራት አልቻለችም። ክብደቷ 41 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62። ከዚያ አባቷን ውጭ እንዲጠብቁን ጠየቅኳቸውና ሲስተሯን ጠራኋት። እኔ ብቻዬን ብጠይቃት እንደማትመልስልኝ ስለማውቅ ሲስተሯ ናት የጠየቀቻት፦ የወር አበባሽ መቼ ነው መጨረሻ የመጣው?

"ከገና ወዲህ አላየሁም" አለች። ስለዚህ ለማን ነገርሽ? ለማንም። ለምን? "ግልግል ነው ብዬ ነዋ። ሞዴስ መግዛት የለ፣ በልምምድ መሳቀቅ የለ። የቀደሙኝ ልጆችም ብቃትሽ ሲመጣ ይቆማል ብለውኛል።"

ወገኖቼ፣ ይህን አባባል ከሯጭ ልጆች አፍ በተደጋጋሚ ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው። የወር አበባ በልምምድ ምክንያት ሲቆም ሰውነት "ጎተራው ባዶ ሆኗል" እያለ ነው።

አጥንት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት ያስበዋል። እንደ ጭቃ ቤት ብታስቡት ይቀርባል። ጭቃ ቤት በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ምርጊቱ ይታደሳል፤ የላላው ይፋቃል፣ አዲስ ይለጠፋል። አጥንትም ውስጥ አሮጌውን የሚፍቁና አዲሱን የሚለጥፉ ሴሎች አሉ፤ ዕድሜ ልክ ሥራ አያቆሙም። ስንሮጥና ስንዘል አጥንት ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ይህ ጤናማ ነው፤ ለጣፊዎቹን የሚያነቃው እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጭቃው ሲያልቅ ወይም ለመለጠፍ ጊዜ ሲጠፋ ነው። ያኔ ስንጥቁ በስንጥቅ ላይ ይደመርና ልጅቷ ሳትወድቅ፣ ሳትመታ አጥንቷ ይሰነጠቃል። ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር እንለዋለን።

በልጃገረድ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ዕድሜው ነው። አንዲት ሴት ከምትይዘው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚከማቸው ቁመቷ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው። ሃያ ዓመት ሲሞላት ወደ 90 በመቶው ተጠናቅቋል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፣ ካረጡ በኋላ ደግሞ መጉደል። ስለዚህ በ15 ዓመቷ ያላጠራቀመችውን በ35 ዓመቷ ሙሉ በሙሉ አትመልሰውም። ጎንበስ ብለው የሚሄዱ አያቶቻችንን አስቧቸው። የሁሉም ጉብጠት ከአጥንት መሳሳት ነው ባልልም የብዙዎቹ ከዚያ ነው።

ስፖርት በዚህ ዕድሜ እጅግ ጥሩ ነገር ነው። ፊንላንድ ውስጥ በቴኒስ ተጫዋች ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ክንድ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ልዩነቱ ደግሞ የወር አበባ ከማየታቸው በፊት በጀመሩት ላይ ጎልቶ ታይቷል። ጅምናስቲክ የሚሠሩ ልጆችም አጥንታቸው ጠንካራ ነው። አጥንት የሚወደው አጭር፣ ድንገተኛና አቅጣጫው የሚለዋወጥ ጫና ነው፦ ዝላይ፣ ገመድ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ። ሴት ልጆች ሰፈር ውስጥ የሚጫወቱት ሰኞ ማክሰኞ ሳይቀር ለአጥንት ግሩም ልምምድ ነው (ቀልድ አይደለም)። ረጅም ሩጫ ግን አንድ ዓይነት ምት በሺዎች ጊዜ መደጋገም ነው። አጥንት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደርዘን ምቶች በኋላ ማዳመጥ ያቆማል፤ ምቱ ግን አያቆምም።

የወር አበባና አጥንትን ምን አገናኛቸው?

ኢስትሮጅን። ይህ ሆርሞን የወር አበባን ብቻ አይደለም የሚመራው፤ አጥንት የሚፍቁትን ሴሎች "ቀስ በሉ" የሚላቸውም እሱ ነው። ሰውነት በቂ ምግብ ሲያጣ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የሆርሞን መቆጣጠሪያ ልክ ነሐሴ ላይ እህል እንደጎደለበት አባወራ ያስባል፦ መጀመሪያ የሚቀረው ድግሱ ነው። ልብ መምታት አለበት፣ እግር መሮጥ አለበት፣ እርግዝና ግን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቆማል፣ ለአጥንት ግንባታ የሚወጣውም ወጪ ይታጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ባርባራ ድሪንክወተርና ባልደረቦቿ የወር አበባቸው የቆመ ሴት ስፖርተኞችን የጀርባ አጥንት ለክተው ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነው፤ የአጥንታቸው ጥግግት ግን የ51 ዓመት ሴት ያህል ሆኖ ተገኘ። በ25 ዓመት የ51 ዓመት አጥንት! ዛሬ ይህ ችግር በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደረጃ ስም ተሰጥቶት መመሪያ ወጥቶለታል።

የድሃ አገር ችግር ብቻም አይደለም። ሜሪ ኬን የምትባል አሜሪካዊት ሯጭ በ17 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2013 አገሯን ወክላ ሞስኮ በዓለም ሻምፒዮና ተሳትፋለች። በ2019 ወጥታ የተናገረችው ግን ክብደት ቀንሺ በሚል ጫና ውስጥ ሦስት ዓመት የወር አበባ እንዳላየች፣ አምስት ቦታም አጥንቷ እንደተሰበረ ነው። እሷ ክብደት ቀንሺ ተብላ ነው፤ የኛዎቹ አብዛኛዎቹ ስንቅ አልቆባቸው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ወይም በጾም ነው። ለአጥንት ልዩነት የለውም።

ስንት መብላት አለባት?

በልጅቷ ላስላላችሁ። 41 ኪሎ ናት፤ ከዚህ ውስጥ ስቡ ሲቀነስ 36 ኪሎ ያህል ይቀራል። ጥሩ የሚባለው ለሩጫ ከሚወጣው በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ካሎሪ ሲቀር ነው፤ 1620 ማለት ነው። 15 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለእሷ 600 ካሎሪ ያህል ይበላል። ድምሩ በቀን ከ2200 በላይ ይሆናል። ለሰውነት የሚቀረው በኪሎ ከ30 ሲያንስ፣ ማለትም እሷ በቀን 1700 ያህል ሳትበላ 15 ኪሎ ሜትር ከሮጠች፣ የሆርሞን መዛባት ይጀምራል። ይህ ልክ የመጣው ከአዋቂ ሴቶች ነው፤ በማደግ ላይ ላለች ልጅ ለእድገቷም ጨምሩበት። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወደዚያ አይደርስም። ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም።

ካልሲየም ደግሞ ከ9 እስከ 18 ዓመት በቀን 1300 ሚሊግራም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው። ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ በጣም ይበልጣል፤ ሊጡ መቡካቱም ይጠቅመናል፣ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ጎመን ካልሲየሙ በደንብ ከሚመጠጥ አትክልት አንዱ ነው፤ "የድሃ ምግብ" እያላችሁ አታሳንሱት። ከልምምድ በፊት አንድ ጭብጥ በሶ፣ ከልምምድ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ወይም ለውዝ በዳቦ። ደብረ ታቦር ላይ ድንች ርካሽ ነው፣ እንደ እድል።

ስለ ጾም ካላነሳሁ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። እኔም እጾማለሁ፤ ሃይማኖትን ልነካ አይደለም። ግን ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አንዲት ልጅ ጠዋት 15 ኪሎ ሜትር ሮጣ እስከ 6 ሰዓት ወይም እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ከዋለች፣ አጥንቷ ምግብ በሚፈልግበት ሰዓት ባዶ ነው የሚያገኘው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር፤ እኔ የማውቃቸው ካህናት ልጅቷ ታማለች፣ ታዳጊ ናት ሲባሉ የሚመክሩት ቀና ነገር ነው። ሁለተኛው፣ መጾሟን ከቀጠለች አሰልጣኙ ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ቢያዞርላትና ኪሎ ሜትሩን ቢቀንስላት። በጾም ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ተልባ፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ዘይት በርከት ይበልላት። ዘይት አትፍሩ፣ ለሯጭ ልጅ ጉልበት ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ሆነን ፀሐይ አይጎድለንም፤ ቫይታሚን ዲ ግን ቆዳ ሳይገለጥ አይሠራም። አዳማ ላይ በተማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የከተማ ልጆች ከገጠር ልጆች ይልቅ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ገና በጨለማ ተሸፋፍና ሮጣ ቀኑን ክፍል ውስጥ የምትውል ልጅም ከከተሜዎቹ ትመደባለች።

የወር አበባ ሲቆም ሁሉም ከሩጫ አይደለም

መጀመሪያ እርግዝና መመርመር አለበት። ልጅቷን ለማሳፈር አይደለም፣ ሳይታይ መታለፍ ስለሌለበት ነው። የእንቅርት ሆርሞንና ሌሎችም ይታያሉ። የሦስት ወር መርፌ የምትጠቀም ሴትም የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል፤ መርፌው ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንትን ጥግግት በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ ወጣት ሯጭ ከሆነች ሌላ አማራጭ እንዲሰጣት ባለሙያዋን ትጠይቅ (በራሷ ግን አታቋርጥ)። ሌላው ደግሞ፣ "የወር አበባዋን የሚያመጣ ኪኒን ስጡልኝ" የሚሉኝ አሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ደም ያሳያል እንጂ ችግሩን አይፈታም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል። 15 ዓመት ሞልቷት ገና ምንም ያላየች ልጅ፣ ወይም ስታይ ቆይታ ሦስት ወር የቆመባት፣ ሐኪም ትይ።

ይህን ሕመም አትናቁ

የጡንቻ ድካም ሰፊ ቦታ ላይ ይሰማል፣ ሲሞቁ ይለቃል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የአጥንት ስንጥቅ በአንድ ጣት የምታሳዩት ቦታ ላይ ነው፣ በሮጠች ቁጥር ይብሳል፣ በአንድ እግር መዝለል ያቅታታል፣ ሲከፋ ሌሊት ያማል። ቅልጥም፣ የእግር መዳፍ፣ ዳሌ ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ብሽሽቷ ውስጥ ወይም የጭኗ ሥር የሚያማት ሯጭ ካለች በዚያው ቀን ልምምድ አቁማ ሐኪም ጋር ትሂድ። የጭን አጥንት አንገት ላይ ስንጥቅ ከሆነና ሮጣ ሙሉ በሙሉ ከተሰበረ ኦፕሬሽን ነው፤ ዳሌዋ ዕድሜ ልክ ሊበላሽ ይችላል።

ራጅ "ነጻ ነው" ስላለ ነጻ ናት ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ስንጥቁ በራጅ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ኤምአርአይ ያሳያል፤ ግን ለብዙ ቤተሰብ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ መክፈል ቀላል አይደለም። ስለዚህ እኔ የማደርገው ታሪኩና ምርመራው ከገጠመ ስንጥቅ እንዳለ ቆጥሬ አሳርፋታለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጁን እደግመዋለሁ።

ዳይክሎፌናክን በተመለከተ እባካችሁ፣ ፋርማሲ ያላችሁ ወገኖች፣ ለሮጠች ልጅ ደጋግማችሁ አትውጉ። ሕመሙ ማንቂያ ደወል ነው፤ ደወሉን ዘግታችሁ ቤቱ እየተቃጠለ ትሮጣለች። ወጌሻዎቻችንንም አከብራለሁ፤ ወለምታ ላይ ብዙ ሰው ረድተዋል። የተሰነጠቀ አጥንት ላይ ማሸት ግን ይጎዳል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አስቁሞ እግር ያስቆረጠባቸውን ሰዎች እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

አባትየውስ?

አባቷን መልሼ ጠራኋቸው። ስለ ወር አበባዋ መናገር እንዳለብኝ አስቀድሜ ልጅቷን ጠይቄ ፈቅዳለች። "ጋሼ፣ መርፌውን ብሰጣት ምርጫው ቀን ልትሮጥ ትችላለች። መጨረስ ግን አትችል ይሆናል፤ ከተሰበረ ደግሞ የዓመቱ ሩጫ አበቃ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው "ካረፈችማ ረሷት ማለት ነው፤ ከኋላዋ ስንት ልጅ አለ" አሉ።

ስለ ጥሩነሽ ዲባባ ነገርኳቸው። በ18 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጥሩነሽ በጉዳት ምክንያት የ2009ኙ የበርሊን ሻምፒዮና አምልጧታል። ያ የመጨረሻዋ አልነበረም፤ በ2012 ለንደን ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና አሸነፈች፣ ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ደገመች፣ በ37 ዓመቷ ደግሞ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ከእኛው ክልል፣ ከደብረ ብርሃን በኩል የወጣችው ጌጤ ዋሚም በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ ወልዳ፣ በ2006 እና በ2007 የበርሊን ማራቶንን ወስዳለች። የሩጫ ዕድሜ ረጅም ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ አንድ ሰኔ ቢያመልጣት ገና ሃያ ሰኔ አላት።

አሳመንኳቸው ብል ውሸት ይሆናል። ያሳመናቸው ልጅቷ ናት። "አባ፣ ማታ ማታ አለቅሳለሁ እኮ" አለቻቸው። እሳቸው ይህን አያውቁም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተደገመው ራጅ አዲስ አጥንት መለጠፍ የጀመረበትን ጠባሳ አሳየ፤ ስንጥቁ ነበረ ማለት ነው። ምርጫው አለፈ፣ እሷ አልሮጠችም፣ በዚያ ቀን ደውላልኝ ምንም ሳትናገር ቆይታ ዘጋችው። ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም፣ መጀመሪያ በክራንች፣ ከዚያ በእግር። ክረምቱን ቤተሰቧ ጋር አሳለፈች፤ እናቷ ጠዋትና ማታ ወተት፣ ከጾም ውጭ እንቁላል፣ በፍልሰታ የሰሊጥ ወተትና ሽምብራ። መስከረም ላይ 46 ኪሎ ሆና መጣች። መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለለች 10 ደቂቃ ሩጫና እግር ጉዞ ቀላቅላ፣ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ እየጨመረች ጀመረች። የወር አበባዋ ጥቅምት ላይ ተመለሰ። ከአሰልጣኟ ጋርም ተገናኝተን ነበር፤ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ማንም አልነገረውም እንጂ። አሁን በየወሩ ሴት ሯጮቹን አንዲት መምህርት እንድትጠይቅለት አድርጓል።

አከራይዋም፣ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት በሶ ትበጠብጥላታለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የልጃችሁን ስምና ትምህርት ቤት ግን አትጻፉ፣ በውስጥ መስመር ይሁን።